አልጋ ልብሱ ላይ የነበረው ግማሽ አበባ

አልጋ ልብሶቹ የተመለሱት ማክሰኞ ከምሳ በፊት ነው። ሾፌሩ ሁለቱን ጆንያ አውርዶ የስፌት ቤቱ ደጃፍ ላይ ጣላቸውና «ፈርሙልኝ» አለ፤ እንደምን ዋላችሁ እንኳን አላለም።

የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ የሚጡ አክስት፣ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ ወረቀቱን አነበበች። አራት መስመር ብቻ ነበር። ምስጢሩ ስለወጣና የቴሌቪዥን ውድድሩ የአራተኛው ምዕራፍ ጭብጥ ስለተጋለጠ ውሉ ፈርሷል፤ ዕቃው አያስፈልግም፤ ከእንግዲህ ከዚህ ስፌት ቤት ጋር ሥራ የለም። እንደገና አነበበችው። የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ጸጥ አሉ።

ሚጡ ከመቁረጫው ጠረጴዛ ኋላ መቀሷን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። እናቷ ከሞተች ጀምሮ ያሳደገቻት ይህቺው አክስቷ ናት፤ በቤቱ ውስጥ ጨርቅ የምትቆርጠውም ሚጡ ብቻ ናት። «ሚጡ» ያሏት ትንሽ ሆና ስለመጣች ነው፤ አድጋም ስሙ አለቀቃትም።

«ማነው?» አለች አክስቲቱ። ድምጿን አላነሳችም። «ከዚህ ክፍል ቃል እንዳይወጣ ብዬ አላስማልኳችሁም?»

አክስቲቱ አንድ በአንድ አየቻቸውና ዓይኗ ቁልፍ ተካይዋ ላይ ቆመ። ቁልፍ ተካይዋ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላት፣ ዝምተኛ፣ በዚያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራች ሴት ናት። ሁሉም «እትዬ» ነው የሚሏት።

«ልጅሽ ያንን ፕሮግራም እንደ ጸሎት አይደል የምትከታተለው?»

«ትከታተላለች።»

«ቁልፉ የሚተከለው ጠርዙ ላይ መሆኑን ካንቺ በቀር ማን ሊያወራ ይችላል?»

እትዬ ከወንበሯ ተነሳች። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያ የጣቷን ቆብ አውልቃ መኪናው ላይ አስቀመጠች፤ ነጠላዋን አነሳች፤ አንድ ቃል ሳትከራከር ወጣች። ሚጡ ልትጠራት ፈለገች። ግን አልጠራቻትም። ዋጥ ያደረገችው ነገር ደረቷ ላይ እንደተሰነቀረ ቀኑ መሸ፤ ሳምንቱም አለፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። «በአንድ ጣሪያ ሥር» የሚባለው የቴሌቪዥን ውድድር በየዓመቱ አሥራ ሁለት ሰዎችን ሰብስቦ አንድ ቤት ይዘጋባቸዋል፤ ካሜራው ሦስት ወር ሙሉ ሲበሉም ሲጣሉም ያያቸዋል። ሁሌም ሰዎቹን የሚያገናኝ አንድ ጭብጥ አለ። በመጀመሪያው ዓመት ፈጽሞ የማይተዋወቁ ሰዎች ነበሩ፤ በሁለተኛው የተኳረፉ እህትማማቾችና ወንድማማቾች፤ በሦስተኛው አንድ ሥራ የሚሠሩ። አራተኛው ሊጀምር ወራት ሲቀሩት ሰው ሁሉ ገማች ሆነ። «ዘንድሮ አማትና ምራት ናቸው፤ እኔ አማቴን ልኬያታለሁ፣ እባካችሁ እንዳትመልሷት» የሚል ነበረ። «መላጣዎች ብቻ ናቸው፤ ማስታወቂያው ላይ ማበጠሪያ አልታየም» የሚልም ነበረ።

ከሁሉ የሚሰማው ግን «የጣሪያው ቀዳዳ» የተባለው ገጽ ነበር። ዘጠና ሺህ ተከታይ አለው። ባለቤቱን ሰዉ «አነፍናፊው» ይለዋል፤ ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም ጭብጥ ከማስታወቂያው ጥግ ላይ በታየ ዕቃ ተነስቶ ደርሶበታልና። ሰው ፊት ለፊት ያለውን ሲያይ እሱ ኋላ ያለውን ያያል፤ ግድግዳውን፣ መደርደሪያውን፣ መጋረጃውን። ኑሮው በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ በሚርቅ ከተማ ነው፤ ሥራው የሒሳብ አስተማሪነት።

ሚጡ ያወቀችው በቀሚስ ነው። አንዲት ተወዳዳሪ የለበሰችው ቀሚስ ተገልብጦ የተሰፋ መሆኑን ገጹ ላይ ጽፋ ነበር። በማግስቱ ለብቻዋ መልእክት መጣላት። «እንዴት አወቅሽ? እኔ ሦስት ጊዜ አይቼው አላስተዋልኩም።» እሷም መለሰች። እሱም ጻፈ። አንድ ዓመት ከአራት ወር እንዲሁ ተጻጻፉ። የሱ መልእክት እንደ ደብዳቤ ነው፤ ከላይ ቀን፣ ከታች ፊርማ። ስለ ተማሪዎቹ፣ ክፍሉ ጣሪያ ላይ ስለሚንኳኳው ዝናብ፣ «ልብስ ሰፊ ልታገባብኝ ነው?» ስላለችው እናቱ ይጽፍላታል። «እናቴ የአስተማሪ ልጅ፣ የአስተማሪ ሚስት፣ የአስተማሪ እናት ናት» ብሎ ነበር አንድ ጊዜ፤ «በቤታችን ሰው የሚለካው በወረቀት ነው። አንቺ ግን በዓይንሽ ለክተሽ ከምትቆርጪው አንድ ስንዝር እኔ በቀመር ካሰላሁት ይበልጥ እውነት አለበት።» ይህን ሚጡ ማስታወሻ ደብተሯ ላይ ገልብጣዋለች።

ለስፌት ቤቱ የውድድሩ ሥራ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሥራ ሁለት አልጋ ልብስ። ትእዛዙ ግን እንግዳ ነበር፤ ትልልቅ አበባ ያለበት ጨርቅ ለሁለት ይቆረጣል፤ መቀሱም በአበባው መሃል ለመሃል ያልፋል። የግራው ቁራጭ ጠርዝ ላይ ቁልፍ ይተከላል፣ የቀኙ ላይ ቀዳዳ ይሠራል። ሁለቱ ሲቆላለፉ አበባው ሙሉ ይሆናል። ለምን እንደሆነ የነገራቸው የለም።

ሚጡ ምላለችና ለመምህሩ አልነገረችውም። ግን አንድ ቀን የገዛ ልቧ አታለላት። «ዘንድሮ አንተ የማታውቀውን እኔ ባውቅስ?» ብላ ጻፈችለት፤ ሳቀችም። በዚያው ሳምንት ፎቶዋን ለመቶኛ ጊዜ ሲለምናት ፊቷን ማሳየት አሳፈራትና እጇን አንስታ ላከችለት። የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋ ቀኝ እጅ፤ አውራ ጣቱ ላይ የመቀስ ጠባሳ ያለበት። ለወንድ የሰጠችው የመጀመሪያ ነገር ያ ነበር። ከእጇ ሥር ስላለው ባለ ግማሽ አበባ ጨርቅ፣ ጠርዙ ላይ በጠመኔ ስለተነጠቡት የቁልፍ ቦታዎችም አላሰበችም። ዕድሜዋን ሙሉ ከእጇ ሥር ጨርቅ ነበረ።

በሦስተኛው ቀን ገጹ ላይ ጽሑፍ ወጣ። «ወገኖቼ፣ ደርሼበታለሁ። ግማሽ አበባ ያለበት፣ ከሌላ ግማሽ ጋር በቁልፍ የሚያያዝ አልጋ ልብስ እየተሰፋ ነው። አንድ አልጋ የነበራቸው፣ አሁን የሌላቸው። ዘንድሮ የሚገቡት የተፋቱ ባልና ሚስቶች ናቸው።» ሚጡ ይህን ያነበበችው ሥራ ላይ፣ ከጎኗ ያሉት ሴቶች «ይሄ ሰውዬ ሰይጣን ነው» እያሉ ሲሳሳቁ ነው። የእጇን ፎቶ አስታወሰች።

ማክሰኞ ጆንያዎቹ ተመለሱ። ሐሙስ ዕለት ቴሌቪዥኑ አዲሱን ጭብጥ አወጀ፤ መንትዮች።

መምህሩ በየቀኑ ይጽፍላት ነበር፤ አልመለሰችም። በመጨረሻ የሆነውን ሁሉ በሦስት መስመር ጻፈችለት፤ የጆንያውንም የእትዬንም። በማግስቱ መልስ መጣ። «ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት። ባትመጪም እቀመጣለሁ።»

ሄደች።

ከላከላት ፎቶ ይልቅ ቀጭን ነው። የተተኮሰ ኮት ለብሷል፤ የግራ እጅጌው ትንሽ አጥሯል። ልትለካው እንደሆነ ሲሰማት በራሷ አፈረች። ከወንበሩ ተነሳ፤ ፊቷን ከማየቱ በፊት እጇን አየ።

«ሚጡ።»

«በምን አወቅኸኝ?»

«በጠባሳሽ። በቃሌ አጥንቼዋለሁ።»

ለአፍታ ሁሉም ነገር ይቅር ሊባል የሚችል መሰላት። ተቀመጡ። ሻይ መጣ፤ የነካው የለም።

«እጅሽን ለማንም አላሳየሁም» አለ። «ፎቶውን አላወጣሁትም። ቃል ብቻ ነው የጻፍኩት።»

«ቃሉ በቃን።»

«ያነባሉ ብዬ አላሰብኩም፣ ሚጡ። ዘጠና ሺህ ሰው የሚያወራውን ወሬ አዘጋጆቹ የት ያገኙታል ብዬ…»

«መጀመሪያ የሚያነቡት እነሱ ናቸው፣ መምህር። ይሄ እንዴት ጠፋህ?»

አንገቱን ደፋ። የሚያስተምረው ልጅ ሲሳሳት እንዲህ ይሆን ይሆናል ብላ አሰበች። ቀና ሲል ከኪሱ ሁለት የአውቶቡስ ቲኬት አወጣና ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«ዘጠኝ ሰዓት ይነሳል። ነይ ከኔ ጋር። ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ሁለት ክፍል ሰጥተውኛል። አንደኛው መስኮቱ ሰፊ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ብርሃን አለው። የመቁረጫ ጠረጴዛ ይገባል። ለክቼዋለሁ።»

«እናትህስ?»

«ተጣልቼ ነው የመጣሁት። ልቧ ይመለሳል፤ ባይመለስም መጥቻለሁ።»

ሚጡ ቲኬቶቹን አየች። ስሟ በሱ የእጅ ጽሑፍ አንደኛው ላይ ተጽፏል፤ የቤት ስሟ ሳይሆን የመዝገብ ስሟ። ማንም በዚያ ስም ጠርቷት አያውቅም።

«እትዬን ምን ላድርጋት?»

«ሥራ ይገኝላታል።»

«በሃምሳ ስድስት ዓመቷ?»

«ብትነግሪያቸው ሥራዋ ይመለሳል? አይመለስም። ስፌት ቤቱ ያጣው ሥራ ይመለሳል? አይመለስም። አንድ ሰው ወድቋል፤ ሁለተኛም ይውደቅ የሚል ምን ሒሳብ አለ? እኔ ልናገር ብልም ጣት የሚቀሰረው አንቺ ላይ ነው። ዝም እንበል። ቢያንስ አንቺ ትረፊ።»

ትክክል ነበር። ስንት ቀን ለራሷ ስትነግረው የነበረው ይህንኑ ነው፤ በሱ አፍ ሲነገር ግን ለስላሳ ሆነ፤ ሰው ሊተኛበት የሚችል። እጇን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈች። እጁን በእጇ ላይ አኖረ። ሞቃት ነው፤ የጠመኔ ድርቀት አለበት። ዓይኖቿ ሞሉ፤ አልጠረገቻቸውም። እሄዳለሁ ብላ አሰበች። ልብስ እንኳን አልይዝም።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ?» አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ። «ካልፈለግሽ አትመልሺልኝ።»

«ጠይቀኝ።»

«ልክ ነበርኩ?»

መጀመሪያ አልገባትም። አየችው።

«የተፋቱ ባልና ሚስቶች ነበሩ አይደል?» ድምጹ ፈጠነ። «መንትያ ያደረጉት ስለደረስኩባቸው ነው እንጂ ተሳስቼ አይደለም። አሁን ያ ሁሉ ሰው ይስቅብኛል፤ ‹አነፍናፊው ጉንፋን ይዞታል› እያሉ። ለማንም አልናገርም። እኔ ብቻ እንዳውቀው።»

ሚጡ ፊቱን ተመለከተች። ስለ ክፍሉ ሲነግራት፣ ስለ መስኮቱ፣ ስለ እናቱ፣ ዓይኖቹ እንዲህ አልተከፈቱም ነበር። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣም። የወደደችው ይህንኑ ነበር፤ ይህን የሕፃን ጥማት። ደብዳቤ በደብዳቤ እያጠጣች ያሳደገችው እሷው ናት። ግን ሰውየው እጁ እጇ ላይ ሆኖ እንኳን ከእጇ ኋላ ያለውን እያየ ነው። ይህን ክፉ ሰው ሆኖ አያደርገውም። ዓይኑ እንደዚያ ነው።

«ልክ ነበርክ» አለችው። «የላኩት ወረቀት ጭብጡ ተጋለጠ ይላል።»

ፊቱ በራ። አንድ ቅጽበት ብቻ ነው፤ ወዲያው ብርሃኑን እሱም አወቀው፤ በገዛ ፊቱ ላይ ሲጠፋ ተሰማው።

«ሚጡ… እኔ እንዲያ ማለቴ…»

«አውቃለሁ ምን ማለትህ እንደሆነ።» እጇን ቀስ ብላ ሳበች። «ልክ ነበርክ፣ መምህር። ደስ ይበልህ።»

«እጠብቅሻለሁ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት።»

ተነስታ ወጣች። መንገዱን ስትሻገር ጀርባዋ ላይ ዓይኑን ተሸክማ ነበር፤ ከከበዳት ሁሉ የከበዳት፣ አሁንም እንደምትወደው ማወቋ ነው።

ስፌት ቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት ባዶ ነው። አክስቷ ብቻዋን ተቀምጣ ከአልጋ ልብሶቹ ላይ ቁልፎቹን ትነቅላለች። ግማሽ አበባ የሚገዛ የለም፤ ቁልፎቹ ግን ለሌላ ሥራ ይሆናሉ።

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ» አለች ሚጡ፣ ሳትቀመጥ። «እትዬ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

አክስቲቱ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። «አውቃለሁ።»

«ታውቂያለሽ?»

«አበባው መሃል ለመሃል መቆረጡን ካንቺ ጠረጴዛ በቀር ማን ያያል? እሷ ጋ ሲደርስ ጠርዙ ታጥፎ ነው። የዛን ዕለት ፊትሽንም አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን እሷን…»

«አንድ ሰው መውጣት ነበረበት። ሴቶቹ እርስ በርስ ሊበላሉ ነበር።» አክስቲቱ አሁንም ቀና አላለችም። «አንቺን ላስወጣ? እናትሽ እጄን ይዛ ‹አደራ› ያለችኝን? ሰው ከሥጋው በፊት ማንን ይጥላል? የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ያለፈው አለፈ። ሆድ ይፍጀው። ሰኞ የተማሪዎች ሸሚዝ ይመጣል፤ መቀስሽን አስሞርጂ።»

ሚጡ ስትወደድ ኖራለች፤ እንዲህ የተወደደችበት ጊዜ ግን ትዝ አላላትም። በሌላ ሰው እንጀራ መወደድ ነበር ይህ። ማመስገንም መራገምም አቃታት። ዞራ ወጣች።

እትዬ የምትኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው መብራት የለውም። በሩን ስታንኳኳ እትዬ ወዲያው ከፈተች፤ ከሚጡ ትከሻ ኋላ ደረጃውን አየችና ፊቷ ወደቀ። ሌላ ሰው ጠብቃ ነበር።

«ግቢ፣ ልጄ። ቤቱ እንዲህ ሆኖ…»

ቤቱ ምንም አልሆነም፤ ንጹሕ ነው። ሁለት አልጋ አለ፤ አንደኛው ላይ ማንም ያልተኛበት አንሶላ ተወጥሮ ተነጥፏል። ሚጡ ቆማ ተናገረች። ስለ መምህሩ፣ ስለ እጇ ፎቶ፣ ስለ ጨርቁ። አላጠረችም፤ አላሳመረችም። እትዬ እጆቿን ጭኗ ላይ አጣምራ ሰማች።

«ማን ላከሽ?» አለች በመጨረሻ።

«ማንም።»

«ሥራዬን ልትመልሺልኝ ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። አክስቴ አትመልስም።»

«እንግዲህ ለማን ብለሽ ነው የነገርሽኝ? ለኔ ነው ወይስ ደረትሽ እንዲቀልልሽ?»

ሚጡ ለመሄድ ወደ በሩ ዞረች።

«ቆይ» አለች እትዬ። ድምጿ ተለውጧል፤ ነገሩ አሁን ነው የደረሳት። «ቆይ እስቲ። ልጄ አይደለችም ማለት ነው?»

«ልጅሽ?»

«እኔ ነግሬያት ነበር። አንድ ቀን እራት ላይ፣ ‹ዛሬ ደግሞ አልጋ ልብስ ጠርዝ ላይ ቁልፍ አስተከሉኝ› ብዬ ተሳሳቅን። ያ ጽሑፍ ሲወጣ ከአፌ ነው የወጣው አልኩ። አክስትሽ ‹ካንቺ በቀር ማን ሊያወራ ይችላል› ስትለኝ ምን ብዬ ልከራከር?» እትዬ አፏን በመዳፏ ያዘች። «ልጄ ማለች። ተንበርክካ ማለች፣ ‹አልተናገርኩም እማ› እያለች። አላመንኳትም። ‹አሥራ ዘጠኝ ዓመቴን ለጨዋታ ሸጥሽው› አልኳት። ‹ዓይንሽን አልይ› አልኳት።»

«የት ናት?»

«ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። አሥራ አንድ ቀን ሆናት። ጓደኛዋ ጋ ናት ይላሉ።»

ሚጡ ግድግዳውን ተደገፈች። መምህሩ በሻይ ቤቱ «አንድ ሰው ወድቋል» ብሏት ነበር፤ ሁለቱም ቆጥረው ነበር፤ ሁለቱም ይህቺን ልጅ አላዩዋትም።

እትዬ ስልኳን ከትራሷ ሥር አወጣች። የልጇን ቁጥር ስትደውል ሦስት ጊዜ ተሳሳተች። ሚጡ ልትረዳት እጇን ዘረጋች፤ እትዬ ስልኩን አልሰጠቻትም። አልገፋቻትምም። ድምጹን ከፍ አድርጋ መሃላቸው ያለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችውና ሁለቱም ጎንበስ ብለው አዩት።

ጠራ። ከታች መንገዱ ላይ ትልልቅ መኪናዎች ያልፋሉ። ዘጠኝ ሰዓት ይሁን አልፎ ይሁን ሚጡ አታውቅም፤ ልቧ አንድ ጊዜ ወደዚያ ሄደና ተመለሰ። ስልኩ ጠርቶ ጠርቶ ዘጋ። እትዬ እንደገና ደወለች።

«አንሺው፣ የኔ እናት» አለች እትዬ ለጠረጴዛው። «አንሺው፤ እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»

ይጠራል። ሚጡ ይቅርታ የምትለምንበትን ቃል ስትፈልግ ከንፈሯ ሳታውቀው ሌላ ቃል ያዘ፤ ድምጽ ሳታወጣ፣ ከእትዬ ጋር እኩል፣ አንሺው፣ አንሺው ትል ነበር። ለራሷ ምንም መለመን የማይቻልበት ሰዓት ላይ ደርሳ ስለማታውቃት ልጅ ትለምናለች፤ ያቺ ልጅ ድምጿን እስክታሰማ ድረስ ከዚያ ጠረጴዛ ንቅንቅ ማለት እንደማትችልም ተሰማት።